ትንሽ ትሁን፣ አትታይ፣ ግን ትሥራ

ከዱባይ በሚመጣ ሰው የሚታዘዘው ዕቃ ከዘመን ዘመን ይለዋወጣል። ድሮ ቴፕና ካሴት ነበር፤ ቀጥሎ ሞባይል ሆነ፤ ከዚያ ሽቶ፣ ጫማ፣ የሕፃን ወተት። ሰሞኑን አንድ ዘመዴ ለሥራ ወደዚያው ለመሄድ ሲሰናዳ ስልኩ ላይ የተጻፈለትን ትዕዛዝ አነበበልኝ። ላኪው ባንክ ቤት የሚሠራ፣ ክራባት የሚያስር፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ትዕዛዙ አጭር ነው፦ «አንድ ቬፕ። ትንሽ ትሁን፣ አትታይ፣ ግን በደንብ ትሥራ።»

ዘመዴ ያነበበልኝ «የትኛዋን ብገዛለት ይሻላል?» ብሎ ምክር ፍለጋ ነበር። እኔ ደግሞ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ክፉ አመል አለብኝ፤ ሰው ዕቃ ሲመርጥ እኔ ቃል እመነዝራለሁ። ያቺን አንድ መስመር ስመነዝራት ቆይቼ ያገኘሁት ነገር አላማረኝም።

ነገሩን ለማታውቁት (ብፁዓን ናችሁ) ቬፕ ማለት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነው። ባትሪ አላት፤ ባትሪው የሚያግለው ቀጭን የሽቦ ጥቅልል አላት፤ ከጥቅልሉ ጋር ጥጥ፣ በጥጡ ውስጥ ፈሳሽ። ፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን የሚባሉ ነገሮች፣ ማጣፈጫ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኒኮቲን ነው። ሲስቧት ሽቦው ይግላል፣ ፈሳሹ ይተናል፣ ጉም የመሰለ ነገር ሳንባ ይገባል። ክብሪት የለ፣ አመድ የለ፣ መተርኮሻ የለ። ዛሬ በምናውቃት መልክ የፈለሰፋት ሆን ሊክ የሚባል ቻይናዊ የፋርማሲ ባለሙያ ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 2003 ነበር። ሰውየው ራሱ የለየለት አጫሽ ነበር፤ አባቱም የሞቱት በሳንባ ካንሰር ነው። ስለዚህ አጀማመሩ ላይ ክፋት አልነበረበትም። ይህን ከወዲሁ ላስመዝግብ፤ በኋላ ስቆጣ አድልዎ እንዳይመስል።

እንግዲህ «ትንሽ ትሁን» እና «በደንብ ትሥራ» የሚሉትን እንያዝ። ሻጭ ሁሉ ሁለቱን አስማምቶ ነው የሚሸጠው፤ «ትንሽ ናት፣ ግን ጉድ ናት!» ይላል። ሰው የማያስተውለው ሒሳብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ዕቃ የምትይዘው ትንሽ ባትሪ ነው። ትንሽ ባትሪ ትንሽ ኃይል፣ ትንሽ ኃይልም ትንሽ እንፋሎት። በመዳፍ ሙሉ የሚያዙት ትልልቆቹ መሣሪያዎች ሃምሳ ዋትና ከዚያም በላይ እየበሉ ደመና ያህል ይተፋሉ፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞሉት በሚሊ ሊትር 3 ወይም 6 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ባለው ቀላል ፈሳሽ ነው። ጣት የምታህለዋ ግን አሥር ዋት መድረስም ይከብዳታል። በዚያው በቀላሉ ፈሳሽ ብትሞላ ሱሰኛውን አታረካውም፤ በሁለተኛው ቀን መሳቢያ ውስጥ ይወረውራታል። ታዲያ በምን ብልሃት ነው «በደንብ የምትሠራው»? ፈሳሹን በማክበድ ነው። በጉሙ ብዛት ያጣችውን በኒኮቲኑ ብርታት ትተካለች። በዋንጫ ጠላ ፋንታ በመለኪያ አረቄ እንደመቅዳት ነው፤ ዕቃው አነሰ እንጂ ስካሩ አላነሰም።

አረቄው ግን አንድ እንቅፋት ነበረበት። ብርቱ ኒኮቲን ጉሮሮ ይቧጥጣል፣ ያስላል፤ ጀማሪውን «ተወኝ!» ያሰኘዋል። ተፈጥሮ በራችን ላይ ያቆመችልን ዘበኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ ገበያ የወጣችው ጁል የተባለች መሣሪያ ይህን ዘበኛ አስተኛችው። ኒኮቲኑን ቤንዞይክ አሲድ ከሚባል ነገር ጋር አዋሕደው «የኒኮቲን ጨው» አደረጉት፤ ጨው ሲሆን ጉሮሮ ላይ ይለሰልሳል። በዚህ ዘዴ በሚሊ ሊትር 59 ሚሊ ግራም ኒኮቲን፣ ያለ ሳል፣ በማንጎ ጣዕም መማግ ተቻለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ጣሪያውን የዘጋው 20 ሚሊ ግራም ላይ ነው፤ ልዩነቱን እናንተ አስሉት። ጁል ላይ የምትሰካው የፈሳሽ መያዣ፣ ፖድ የሚሏት፣ 0.7 ሚሊ ሊትር ብቻ ትይዛለች፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ለሰባት ቢከፈል ከአንዱ እጅ አይበልጥም። ኩባንያው ራሱ እንደተናገረው በዚያች ጠብታ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ከአንድ ፓኮ ሲጋራ ጋር የሚቀራረብ ነው።

የጁል ነገር ከተነሳ አይቀር ትንሽ ልቆይበት፤ የዛሬዎቹ ትናንሾች ሁሉ የእሷ ልጆች ናቸውና። ሁለቱ መሥራቾች ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የምርት ዲዛይን ያጠኑ አጫሾች ናቸው። ዓላማችን አጫሹን ከሲጋራ ማላቀቅ ነው ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 አልትሪያ፣ ማርልቦሮን አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ኩባንያ፣ ከድርጅታቸው 35 በመቶውን በ12.8 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ሲጋራን ሊያጠፋ የተነሳ ሰው ከሲጋራ ሻጭ ጋር በአንድ ማዕድ ሲቀርብ ማየት እንዴት ደስ ይላል! በዚያው ወር የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ሹም የወጣቶቹን አያያዝ «ወረርሽኝ» ብሎ ጠራው። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ በተደረገው ብሔራዊ የተማሪዎች ጥናት ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 27.5 በመቶው ባለፉት ሠላሳ ቀናት ውስጥ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ስበናል አሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ኩባንያው ለወጣቶች ሸጧል ተብሎ በተነሳበት ጉዳይ ከሠላሳ ለሚበልጡ ስቴቶች 438.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የተማሪዎቹ ቁጥር ከዚያ ወዲህ ቀንሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 7.8 በመቶ ነበር። ጁልም እ.ኤ.አ. በ2025 የትምባሆና የሜንቶል ጣዕም ያላቸውን ብቻ እንድትሸጥ ተፈቅዶላታል። ማንጎው ቀርቷል። ማንጎው የማን እንደነበረ ግን ሁሉም ያውቃል።

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የጥንት ባልንጀራ አለኝ። ሌሊት የሚሠራ፣ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ የሚተኛ አባት ነው። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ልጁ ጠረጴዛ ላይ፣ ኮምፒውተሯ ላይ የተሰካች ጥቁር ነገር ለወራት ያያል። ፍላሽ ናት ብሎ ነው የሚያስባት፤ ማንም ቢሆን የሚያስበው ይህንኑ ነው፤ የተሠራችውም እንደዚያው እንድትመስል ነው። አንዳንድ ቀን ተነቅላ ወድቃ ያገኛታል፤ የልጄ የቤት ሥራ እንዳይጠፋ ብሎ መልሶ ይሰካታል። አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ ጠራው። «ስንት ጊዜ ቻርጅ እንዳደረግኩላት ቁጥሩን አላውቀውም» አለኝ በስልክ። «ሲጋራ ቢሆን እኮ ከበር ላይ አውቀው ነበር። ክፍሏ ማንጎ ማንጎ ይሸታል፤ ሎሽን ነው ብዬ ተውኩት።» ልጅቷ ለመተው ብዙ ተሠቃይታለች። ያለ ቬፕ አንድ የፈተና ሰዓት መቀመጥ አቅቷት ነበር፤ በአሥራ አምስት ዓመቷ!

ይህ ሰው ቸልተኛ አባት አይደለም። ዓይንም አፍንጫም ነበረው። ሁለቱንም ነው ያታለሉበት።

አሁን ወደ መካከለኛዋ ቃል ልምጣ። «አትታይ።» ማን እንዳያያት? እኛ አገር ትምባሆ ብዙ መልክ ነበረው፤ የሚደበቅ መልክ ግን አልነበረውም። ጋያ በቅሉ ውስጥ ውሃው ሲንኮራኮር ከጎረቤት ይሰማል። ሱረት የሚስበው ሽማግሌ ሲያነጥስ «ይማርህ» ይባላል፤ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። ሺሻው የሕፃን ቁመት ያክላል። ሲጋራ ጭስ አለው፤ ጭሱ ልብስ ላይ፣ ጥርስ ላይ፣ ጣት ላይ ይመሰክራል። ቤተ ክርስቲያናችን ትምባሆን ስታወግዝ የኖረች ናት፤ ምእመኑ ግን ቢያንስ የሚወገዘውን ያየው ነበር። ወላጅ ይቆጣል፣ ሚስት ታኮርፋለች፣ ጓደኛ «ቀንስ እንጂ» ይላል። ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ አሰልቺ ነው፤ ሰውን ከሱስ የሚጎትተው ግን ብዙ ጊዜ ይኸው አሰልቺ ጭቅጭቅ ነው። «አትታይ» ማለት ይህን ሁሉ ሰው ከመንገድ ዞር በልልኝ ማለት ነው።

ቦሌ አካባቢ አንድ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ገብቼ መስታወቱ ውስጥ፣ በቻርጀርና በኢርፎን መሐል፣ የተደረደሩ ቀለም በቀለም የሆኑ ነገሮች አየሁ። «እነዚህ ምንድን ናቸው?» አልኩት ልጁን።

«ቬፕ ናቸው ጋሼ። ለእርስዎ ግን አይሆኑም።»

«ለምን?»

«እርስዎ ደግሞ ከማን ይደብቃሉ?» አለኝ እየሳቀ።

ስለ ሕዝብ ጤና ከሰማኋቸው ንግግሮች ሁሉ የዚህን ልጅ ያህል ግልጽ የለም። ዕድሜዬን አይቶ የገበያውን ድንበር በአንድ ጥያቄ አሰመረልኝ። ገዢው የሚደብቀው ሰው ያለው ነው። የሚደብቀው ሰው ያለው ደግሞ በአብዛኛው እናት ቤት የሚኖር ነው።

በነገራችን ላይ አማርኛችንም ለዚህ ዕቃ ውለታ እየዋለለት ነው። እኛ ትንሽና የወደድነውን ነገር በሴት ጾታ እንጠራለን፤ «ይቺ ቤት»፣ «ይቺ መኪና» እንላለን፣ እንደማቆላመጥ። ቬፕም «ይቺን ልስጥህ»፣ «ይቺ ቆንጆ ናት» እየተባለች ነው የምትሸጠው። «ይሄ ሲጋራ» ብሎ ያቆላመጠ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም ይኸው ጽሑፌን ከጀመርኩ ወዲህ «እሷ» እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ከቋንቋው ጋር መጣላት አልቻልኩም።

ስለ መጠኗ አንድ ነገር ይቀረኛል። ሲጋራ መጨረሻ አለው። ይነድዳል፣ ያልቃል፣ ጣት ይለበልባል። ፓኮው ውስጥ 20 ፍሬ ነው ያለው፤ አጫሽ «በቀን ስንት?» ቢባል አሥር ነው፣ አንድ ፓኮ ነው ብሎ ይመልሳል፤ ቢዋሽም ቁጥሩን አውቆ ነው የሚዋሸው። ቬፕ የሚስበውን ሰው ጠይቁት። አያውቅም። አልጋ ውስጥ፣ ሽንት ቤት፣ ሊፍት ውስጥ፣ ስብሰባ ላይ እጅጌው ሥር፤ አንዴ ሳብ፣ አንዴ ሳብ። በየቀኑ የሚነሳና የሚወድቅ ነገር ስለሌለ «ይቺ የመጨረሻዬ ናት» የሚልባት ፍሬ የለችውም። ተስበው የሚጣሉት የዛሬዎቹ ደግሞ ብሰዋል፤ 10 ሚሊ ሊትርና ከዚያም በላይ፣ በሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ኒኮቲን የያዙ አሉ። ማባዛት ለሚችል ሰው 500 ሚሊ ግራም ነው፤ ያቺ የጁል ፖድ ከአሥር በላይ ተሰብስባ ማለት ነው፤ መጠኑ ግን ኪስ ውስጥ ይገባል።

«እንግሊዞቹስ?» የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። የተማረ ሰው ሁሉ የሚያነሳት ክርክር ናት፤ ንቆ ማለፍም አይገባም። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ቬፕ ከሲጋራ 95 በመቶ ገደማ ያነሰ ጉዳት አላት የሚል ግምት አውጥቷል። ሲጋራን ለማቆም ኒኮቲን ያላት ቬፕ ከኒኮቲን ፕላስተርና ከማስቲካ በተሻለ እንደምትረዳ የሚያሳዩ ጠንካራ ጥናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የእንግሊዝ መንግሥት ለአንድ ሚሊዮን አጫሾች ቬፕ አድላለሁ ብሏል። እሺ። ግን ይኸው አገር እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ተስበው የሚጣሉትን ከገበያ አስወጥቷል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ልጆቹ እጅ መግባታቸው ነው። ደግሞስ የእንግሊዝን መድኃኒት ለመዋስ የእንግሊዝን በሽታ መያዝ አለብን። እኛ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ብሔራዊ የትምባሆ ጥናት ከ100 ጎልማሶች ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 ነበሩ። አምስት! 95ቱ ከምን ወደ ምን ይቀየሩ? በአምስት ሰው ገበያ አይቆምም፤ ከዘጠና አምስቱ መሐል ልጅ ማምጣት ግድ ነው። ጉዳት መቀነስ የሚባለው ነገር ጉዳቱ ባልነበረበት ሳንባ ላይ ሲሠራ ስሙ ሌላ ነው።

ከአምስቱ አንዱ ለሆነ፣ ሠላሳ ዓመት ላጨሰ ወንድሜ የምለው አለኝ። ሐኪም ዘንድ ሂድ። ሕጉ በሚፈቅድበት አገር የምትኖርና ሐኪምህ ቬፕ ያለህ ከሆንክ ደግሞ ትልቋን፣ አስቀያሚዋን ምረጥ፤ ኪስ የማትገባውን። በአደባባይ ያዛት፤ ለሚስትህም ለልጆችህም ንገር፤ ፈሳሹ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብብና በየጊዜው አውርደው። የሚተው ሰው መደበቂያ ምን ያደርግለታል?

ይህን ሐሳቤን ለአንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ባጫውታት ተቆጣችኝ። «ለእናንተ ለወንዶቹ ቀላል ነው ጋሼ» አለችኝ። «ሴት ልጅ ሲጋራ ይዛ ብትታይ ምን እንደሚሏት ያውቁታል። የእሷ መደበቅ ለእኔ ነፃነት ነው።» ስድቡን በተመለከተ እውነቷን ነው፤ አንድም የምከራከረው የለኝም፤ ወንዱ በረንዳ ላይ ተንፈላሶ ሲያጨስ «ደብሮት ነው» የሚባልበት፣ ሴቷ ግን ስሟ የሚጠፋበት አገር ነው። ነፃነት ያለችው ግን ሽንት ቤት ተቆልፎ የሚገኝ ነፃነት ነው፤ ሰዳቢው በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ ትርፉን የሚቆጥረው ነጋዴው ነው። ሐኪሟ «ታጨሻለሽ?» ቢላት «አላጨስም» ብላ እንደምትመልስ ነገረችኝ። በእሷ ቤት አልዋሸችም፤ ጭስ የለማ።

ሕግ የለንም እንዳይባል ሕግ አለን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112/2011፣ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማስገባትንም መሸጥንም ከልክሏል፤ ሺሻንና ማጣፈጫ ያለውን ትምባሆ አብሮ ዘግቷል። ለተፈቀደው ሲጋራ እንኳ ገዢው 21 ዓመት የሞላው እንዲሆን፣ የፓኮው ፊትና ጀርባ 70 በመቶ በሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን አዟል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ግን እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ሽያጩን ፈቅደዋል፤ ዱባይና ቦሌ መሐል ደግሞ የአራት ሰዓት በረራ ነው። ትንሽነቷ ሦስተኛ ጥቅም የምትሰጠው እዚህ ላይ ነው፤ ካልሲ ውስጥ ትገባለች። ካልሲ ውስጥ በመጣ ዕቃ ውስጥ ምን እንዳለ ማን መረመረ? እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2020 አሜሪካ ውስጥ 68 ሰዎች የሞቱበት የሳንባ ጉዳት በአብዛኛው የተያያዘው ቫይታሚን ኢ አሲቴት ከተቀላቀለበት የካናቢስ ፈሳሽ ጋር ነው፤ ፈሳሹም በብዛት የተገኘው ከጓደኛ፣ ከመንገድ፣ በእጅ በእጅ ነበር። ሱቅ የሚሸጠው ተራው የኒኮቲን ቬፕ አይደለም የገደላቸው፤ ከየት እንደመጣ ያልታወቀው ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ከየት እንደመጣ የሚታወቅ አንድም የለም።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተቆጣጣሪዎች ሱቅ ሲገቡ የሲጋራውን መደርደሪያ ብቻ አይተው እንዳይወጡ አደራ እላለሁ። ሞባይል ዕቃ መሸጫ ይግቡ፤ መስታወቱ ሥር፣ ከቻርጀሮቹ በስተቀኝ፣ ማስቲካ የሚመስሉት ናቸው። ልጁ ይስቅ ይሆናል። ወላጆችም ትምህርት ቤት ሲከፈት ደብተርና ዩኒፎርም ከመግዛት ጋር አንድ ጊዜ የልጃቸውን ፍላሽ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ፋይል ይከፍት እንደሆነ ቢያዩ ጥሩ ነው።